ጨው በውሃ፦ ስለ ፍጹሙ ህልውና ያነበብኩበት መንገድ

የህንድን ጥንታዊ ፍልስፍና ማጥናት ስጀምር አጠቃላይ የታሪክ መጻሕፍቱን ወደ ጎን ትቼ አንድ ምዕራፍ ያዝኩ፤ ከጥንታዊዎቹ የህንድ የፍልስፍና ጽሑፎች አንዱ የሆነውን የቻንዶግያ ኡፓኒሻድን ምዕራፍ 6። ያለው ሁሉ ከአንድ ህልውና የመጣ ከሆነ፣ ይሄ የምናየው ብዙ ነገር ታዲያ ምንድን ነው? ትልቁ ጥያቄ እዚያ አለ።

ታሪኩ የአባትና የልጅ ነው። ሽቬታኬቱ በ12 ዓመቱ ለትምህርት ሄዶ፣ በ24 ዓመቱ ቬዳዎቹን፣ የህንድ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍትን፣ ሁሉ አጥንቶ በኩራት ተነፍቶ ይመለሳል። አባቱ ኡዳላካ ግን ስለ መጀመሪያው ነገር ይነግረዋል። በመጀመሪያ ህልውና ብቻ ነበረ፤ አንድ፣ ሁለተኛ የሌለው። ከሌለ ነገር ያለ ነገር እንዴት ይወጣል?

ከዚያ ጨው ያስመጣዋል። ማታ ውሃ ውስጥ ጨምር፣ ጠዋት መልሰህ አምጣልኝ። ልጁ ጨውን ፈልጎ ያጣዋል። ከላይ ቅመስ፣ ከመሃል ቅመስ፣ ከታች ቅመስ ይለዋል። ሁሉም ጨው ጨው ይላል።

እኔም ቤቴ ሞከርኩት፤ እናንተም ሞክሩት። የማይታይ ነገር ሁሉ የለም ማለት እንዳልሆነ ምላስ ራሱ ይመሰክራል። ብርጭቆውን ይዤ ሳስብ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ጨውና ውሃ ሁለት ናቸው። ኡዳላካ ስለዚያ የመጀመሪያ ህልውና ልጁን «ያ አንተ ነህ» ሲለው አንድ ናችሁ ማለቱ ነው? ወይስ እሱ በውስጥህ አለ ማለቱ?

ሊቃውንቱም የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የነበረው ሻንካራ ፍጹም አንድነት ነው ይላል። እውነተኛው ብራህማን፣ ማለትም ያ አንዱ ፍጹም ህልውና፣ ብቻ ነው፤ ብዙ ሆኖ የሚታየን ባለማወቃችን ነው። በድንግዝግዝ ገመድ አይቶ እባብ ነው ብሎ የደነገጠን ሰው አስቡ። መብራት ሲመጣ እባቡ የትም አልሄደም፤ ድሮም አልነበረም።

በጣም ያሳመነኝ ሐሳብ ነበር፤ የራማኑጃን ሙግት እስካነብ ድረስ። በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ራማኑጃ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ያ አለማወቅ የማን ነው? የብራህማን ነው ካልን፣ ንጹሕ ዕውቀት የተባለው እሱ ራሱ ተሳሳተ ማለት ነው። የግለሰቡ ነፍስ አለማወቅ ነው ካልን ደግሞ፣ ነፍስ ለብቻዋ ያለች የመሰለችው በዚያው አለማወቅ ነው ተብሏል። ታዲያ ማን ቀደመ? የሻንካራ ተከታዮችም በዚህ ተከፍለዋል። የቫቻስፓቲ ሚሽራ ወገን አለማወቁ ያለው በነፍስ ነው ሲል፣ የፕራካሻትማን ወገን በብራህማን ነው ይላል።

የራማኑጃ የራሱ መልስ ዓለምና ነፍሳት የብራህማን አካል ናቸው የሚል ነው። አንድነቱ አለ፣ ብዙውም እውነት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ማድህቫ ደግሞ አምላክ፣ ነፍስና ቁስ ለዘለዓለም ይለያያሉ ብሎ ሁለቱንም ይሞግታል።

እኔ ወደ ራማኑጃ አደላለሁ። በዚህ መንገድ መግባት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ምዕራፉን ያለ ማብራሪያ ያንብብ። ቀጥሎ ሻንካራ በምዕራፉ ላይ የጻፈውን። ከዚያ ራማኑጃ የኡፓኒሻዶችን ትምህርት በአጫጭር ሐረጎች በሚያጠቃልለው በብራህማ ሱትራ የመጀመሪያ ሐረግ ላይ የጻፈውን ረጅም ትንታኔ ይያዝ። ይሄኛው ይከብዳል፤ ቀስ እያሉ ነው የሚገፉት።