ከፌስቡክ የመጣው የቦክስ ዜና

ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፣ የፓሪስ ኦሊምፒክ ሞቅ ብሏል። አልጄሪያዊቷ ኢማን ኸሊፍ ጣሊያናዊቷን አንጄላ ካሪኒን ገጥማ፣ ካሪኒ ገና በ46 ሰከንድ «በቃኝ» ብላ ትታለች። እኔ ያኔ የአንድ ሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራም አርታኢ ነበርኩ። አየር ላይ ልንወጣ ጥቂት ሲቀረን ወጣቱ ሪፖርተራችን እየሮጠ ስክሪፕት አመጣልኝ። የመጀመሪያው መስመር «ጾታውን የቀየረ ወንድ ሴቷን ደብድቦ አሸነፈ» ይላል።

«ከየት አመጣኸው?»

«አለቃ፣ ፌስቡኩ በሙሉ የሚያወራው እሱን እኮ ነው!»

ምንጩ ይኸው። ኸሊፍ ትራንስጀንደር፣ ማለትም ጾታዋን የቀየረች፣ አይደለችም። ሴት ተብላ ተወልዳ ሴት ሆና ነው ያደገችው፤ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይም ተወዳድራ ሩብ ፍጻሜ ላይ ተሸንፋለች፣ ያኔ ማንም ትንፍሽ አላለም። ጣጣው የመጣው ዓለም አቀፉ የቦክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 የጾታ ምርመራ አላለፈችም ብሎ ከዓለም ሻምፒዮና ሲያስወጣት ነው። የምርመራውን ዝርዝር ግን ለሕዝብ አላወጣም። በዚያው ዓመት የኦሊምፒክ ኮሚቴው ማኅበሩን ራሱን ዕውቅና ነፍጎታል።

ዜናውን አስቀረሁት። ልጁ ደሙ ፈላ። «ታዲያ ወንድ ከሴት ጋር ይወዳደር ነው የምትለው?» ቴክኒሽያናችንም ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ እሱን ደገፈ። ከፕሮግራሙ በኋላ ክርክሩ ሻይ ቤት ወረደ።

እውነቱን ለመናገር ልጁ የያዘው ነጥብ ባዶ አልነበረም። የኛዋ ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ 2:11:53 ስትገባ ዓለም ጉድ አለ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኬልቪን ኪፕቱም ቺካጎ ላይ 2:00:35 ገባ። ከ11 ደቂቃ በላይ ልዩነት ነው። የሴቶች ምድብ ባይኖር ትዕግስትን ማን ያውቃት ነበር? ልዩነቱን በዋናነት የሚያመጣው በወንዶች ጉርምስና ጊዜ የሚጎርፈው ቴስቶስትሮን የተባለ ሆርሞን ነው፤ ቁመት፣ አጥንት፣ ጡንቻ። በኋላ ሆርሞኑ በመድኃኒት ቢቀነስም ቁመት አይመለስም። ትራንስጀንደሯ ዋናተኛ ሊያ ቶማስ በ2022 በአሜሪካ የኮሌጆች ዋና በ500 ያርድ ስታሸንፍ የተነሳው ጩኸት ከዚህ የመጣ ነው። የዓለም የዋና ፌዴሬሽን በዚያው ዓመት፣ የአትሌቲክሱ ደግሞ በ2023 በወንድ ጉርምስና ያለፉትን ከሴቶች ምድብ አገዱ። ቴክኒሽያናችን ሳይቀር «ትራንስጀንደሯ ክብደት አንሺ ሎረል ሃባርድ ግን ቶኪዮ ላይ አንዱንም ሙከራ ማንሳት አቃታት እኮ» ብሎ ወገኑን ቀየረ። (እሱ ሁሌም እንዲሁ ነው።)

እኔ በከፍተኛ ደረጃ ውድድር የሴቶች ምድብ ይጠበቅ ከሚሉት ነኝ። ኸሊፍን በፎቶዋ አይቶ «ወንድ» ብሎ መፍረድ ግን ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የደቡብ አፍሪካዊቷ ሯጭ የካስተር ሰሜኒያም ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው። እሷ ምንም አልቀየረችም፤ ሰውነቷ በተፈጥሮው ብዙ ቴስቶስትሮን ያመነጫል። ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ትዕግስት ያኔ በ800 ሜትር ስትሮጥ፣ ሜዳልያውን የወሰዱት ሰሜኒያ፣ የቡሩንዲዋ ፍራንሲን ኒዮንሳባና የኬንያዋ ማርጋሬት ዋምቡዪ ነበሩ። በኋላ የወጣው፣ ቴስቶስትሮን ይቀነስ የሚለው ሕግ ሦስቱንም ከርቀቱ አስወጣቸው። ሰሜኒያ መድኃኒት አልወስድም ብላ እስከ ፍርድ ቤት ሄደች። ኒዮንሳባ ወደ 10,000 ሜትር ተሻግራ፣ ለተሰንበት ግደይ ነሐስ ባገኘችበት የቶኪዮው ሩጫ አምስተኛ ወጣች። ይሄን ስነግረው ልጁ ዝም አለ። አላመነኝም መሰለኝ፣ ስልኩን አውጥቶ ያጣራ ጀመር። እሰየው ነው፣ እኔም የፈለግኩት ይሄንኑ ነው።

በ2025 የዓለም አትሌቲክስ አዲስ ደንብ አመጣ፤ ከሴፕቴምበር ጀምሮ በሴቶች ምድብ በዓለም ሻምፒዮና የምትወዳደር ሁሉ በዕድሜዋ አንዴ የኤስአርዋይ (በወንዶች Y ክሮሞሶም ላይ የሚገኝ) ጂን ምርመራ ታድርግ የሚል። ያው ልጅ ስክሪፕቱን ይዞ መጣ። ደንቡ ማንን እንደሚመለከት ለይቶ ጽፏል፤ ከታች ደግሞ ለእንግዳችን ለሐኪሟ ጥያቄ ጨምሯል፦ አንዲት የገጠር ልጅ ስለ ሰውነቷ መጀመሪያ የምትሰማው ከዚህ ምርመራ ከሆነ፣ ማን ነው ቁጭ አድርጎ የሚነግራት? ውጤቱስ ከፌዴሬሽኑ ሾልኮ ሰፈር ቢገባ? ሐኪሟ ሌሎቹን ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ መለሰች። የቀረው ሰዓት በሙሉ በነዚህ ሁለቱ አለቀ፣ ማስታወቂያ እንኳን ሳናሰማ ቀረን።