ቤልጅጓን በውሃ ማጠብ፦ ከኅዳር እስከ ሰኔ የሠራሁት

አምና በዚህ ሰሞን ስለ አሮጌ ጠመንጃ የማውቀው ነገር ቢኖር፣ እንቁጣጣሽ በደረሰ ቁጥር አባቴ ቤልጅጓን ከግድግዳው አውርዶ ቅቤ ሲቀባት ማየቴን ብቻ ነበር። ዘንድሮ መስከረም ላይ «ዓይኔ ደክሟል፣ ከእንግዲህ አንተ ያዛት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትንም ያበላሸሁትንም የምጽፈው እንደኔ የአያት ጠመንጃ ደርሷችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ለገባችሁ ነው።

የወረቀቱን ነገር ላስቀድም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝም፣ መግዛትም፣ ለሌላ ማስተላለፍም ክልክል ነው። «የአያቴ ናት» ብሎ መከራከር አያድንም። አባቴ የራሱ ፈቃድ ነበረው፤ እኔ ግን አንዲት ብሎን ሳልነካ አብረን ሄደን በስሜ አስዞርናት። ሁለት ወር ፈጀብን። እስኪያልቅ ድረስ እሷ መሐል ሜዳ አባቴ ቤት ተሰቅላ ከረመች፣ እኔም ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ቤልጅግ የምንላት ቤልጅየም ውስጥ፣ ሊዬዥ አጠገብ ኤርስታል ላይ ያለው የኤፍ ኤን ፋብሪካ የሠራት ማውዘር ናት። አሠራሯ ጀርመኖች በ1898 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው ከተቀበሉት ጠመንጃ የተወሰደ ነው። ወደ እኛ አገር የገባችው ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ነው፤ የቤልጅግ መኮንኖች ክቡር ዘበኛን ማሠልጠን የጀመሩት በ1922 ዓ.ም. ነበር። የጥይቷ ልክ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካዝናዋ አምስት ይጎርሳል። የኔዋ ግንባር ላይ አንበሳው ተቀርጿል። በቅቤና በጥላሸት ተደፍኖ ስለኖረ እኔ ራሴ አንበሳ መሆኑን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።

የአባቴ አባት ከማይጨው ይዟት እንደተመለሰ በቤታችን ይነገራል። ራስ አበበ አረጋይ መንዝንና ጅሩን ይዘው ጣሊያንን በሚታገሉበት ዘመን እሱም ሲዋጋባት ከርሟል። ፍተሻው ሲበረታ ደግሞ ሞራ ለቅልቆ፣ በበግ ለምድ ጠቅልሎ ጎታ ሥር ቀበራት። የዚያ ጊዜ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። ለምዱ የተጣበቀበት የግራ ጎኗ ፈንጣጣ እንደወጣበት ፊት ተበሳስቷል። ቆዳ እርጥበት ይዞ ያቆያል፣ የለፋበትም ጨው አይለቀውም፤ ብረት ላይ ተለጥፎ ሲከርም ይበላዋል። ያማረ የቆዳ ማኅደር ውስጥ የምታስቀምጡ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጧት። ማኅደሩን ለመንገድ ብቻ ያዙት።

ኅዳር ላይ ሥራ ጀመርኩ። በተነሳችና በተቀመጠች ቁጥር ባዶ መሆኗን ማየት ግዴታ ነው፤ መዝጊያውን ከፍቶ በዓይን ማየት፣ ከዚያ ትንሿን ጣት ከቶ ጥይት ማጉረሻውን መዳበስ። በአንድ ሥራ መሃል ሦስት ጊዜ ባደርገው አላፍርም። አባቴ ይህን ሲያይ ምንም አላለም፤ ትንንሽ ልጆቼን ግን ጠርቶ «አባታችሁ እንደሚያደርገው» ብሎ አሳያቸው።

መዝጊያውን (አንዳንዱ ሰው ቃታ ይለዋል) ማውጣት እንደፈራሁት አልሆነም። ማገጃዋ ሦስት ቦታ አላት። ወደ ግራ ስትተኛ ጠመንጃዋ ለመተኮስ ክፍት ናት፤ ቀጥ ብላ ስትቆም መተኮሱን ታግዳ መዝጊያውን ታስከፍታለች፤ ወደ ቀኝ ስትተኛ ሁሉንም ትቆልፋለች። ለመፍታት የሚያስፈልገው ያቺ የመሃለኛዋ ናት። ማገጃዋን አቁሞ፣ በግራ በኩል ያለችውን ማቆሚያ ወደ ውጭ ሲስቡ መዝጊያው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ከዚያ የኋላው ክፍል ወደ ግራ እየተጠመዘዘ ይላቀቃል። ካቻቢቴ አይፈልግም። ከውስጥ ሞላው ሲወጣ ያየሁትን አልረሳውም። የሃምሳ ስድሳ ዓመት ቅቤ ደርቆ፣ ጠቁሮ፣ ልክ እንደ ሬንጅ መርፌዋን ዙሪያዋን ይዟታል። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው የቆየ ቅቤና የጭስ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ምን ነካው ይኼ ሰው?» አለች። መርፌ እንዲህ ተጣብቃ ጥይት ብትከሽፍ ምን ይገርማል። አንድ ሌሊት ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በጥርስ ብሩሽ አጽድቼ፣ አድርቄ፣ ስስ የሲንጀር ዘይት ቀባኋት። ነጭ ጋዝ ቆሻሻ ያወጣል እንጂ ብረት አይጠብቅም፤ እሱን ቀብቶ መተው ብረቱን ለዝገት መስጠት ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስኩ፤ ቱቦዋን በውሃ ማጠብ።

ይህን ስናገር አባቴ ተቆጣ። «ጠመንጃ በውሃ? ሰው ምን ይላል?» አለ። በዚያ ዘመን የተሠራ ጥይት ቂጡ ላይ ባለችው ካፕሱል ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለ። ሲተኮስ ተቃጥሎ ቱቦው ውስጥ ፖታሲየም ክሎራይድ ይተዋል፤ ይህ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እንደ መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ባለና ጉም በማያጣው አገር ሥራውን አያቋርጥም። ቤልጅጓ ለመጨረሻ ጊዜ የተተኮሰችው በአያቴ ቀብር ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም በውሃ አላጠባትም።

ለአባቴ በቃል ማስረዳት አልሆነልኝም። ሁለት ብርጭቆ አመጣሁ። በአንዱ የኑግ ዘይት፣ በሌላው ሙቅ ውሃ አድርጌ ሁለቱም ላይ ቁንጥር ጨው ጨመርኩና አማሰልኩ። የውሃው ጨው ጠፋ። የዘይቱ ጨው ሥር ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። አባቴ የዘይቱን ብርጭቆ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፣ ነቀነቀው፣ እንደገና አየው። «እና እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን ጨው ላይ ነው ቅቤ ስደርብ የኖርኩት?» አለኝ። አዎ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። እሱ ግን ራሱ ተነስቶ ማንቆርቆሪያውን ከሰል ላይ ጣደ።

የግሉኮስ ቱቦ ቆርጬ፣ ጫፉ ላይ የካላማዳሪያ ቁራጭ ጠቅልዬ ከኋላ በኩል ጥይት ማጉረሻው ውስጥ ወተፍኩና በላዩ ውሃውን አወረድነው። መጀመሪያ የወጣው ጠቆር ያለ ቡና ይመስላል፤ ቀጥሎ የዝገት ቀይ፤ ከዚያ እንደ ሻይ። በአምስተኛው ማንቆርቆሪያ ጠራ። ከዚያ በናስ ብሩሽና በአቡጀዲ ቁራጭ ወለወልኩ። መብራት ከኋላ አድርጌ በአፈሙዟ ሳይ ጥምዝ ቦዮቿ ታዩኝ፤ ጫፋቸው ላላ ብሏል፣ አንዳንድ ቦታም ተቦርቡረዋል፤ ግን አሉ። አባቴም ዓይኑን አስጠግቶ አየ፤ ብዙ ቆየ።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። እንጨቷን ሳልፈታ ነው ያጠብኳት። ውሃውም እንደ ሻይ ትኩስ እንጂ የፈላ አልነበረም። የፈላ ውሃ ብረቱን ስለሚያግለው እርጥበቱ በራሱ ይተናል፤ ለብ ያለው ግን እንጨቱና ብረቱ መሃል ገብቶ ይቀራል። የኅዳር ውርጭ ባለበት ሌሊት አሳደርኳት። ጠዋት ከእንጨቱ ጠርዝ ሥር ብርቱካንማ ዝገት እንደ ሻጋታ ፈክቶ አገኘሁት። የዚያን ቀን ልቤ ተሰበረ። እንጨቱን ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ።

ግን ከጥፋቱም ትምህርት ወጣ። ቀይ ዝገት በፈላ ውሃ ሲቀቀል ጥቁር ይሆናል፤ ያ ጥቁር ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል፣ እንደ ቀዩ እየበላ አይሄድም። ትንንሾቹን ብረቶች፣ የሰደፏን ታኮና ቀለበቶቿን፣ አሮጌ ድስት ውስጥ ቀቀልኳቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው ገና 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ ጊዜ ጨመርኩለት፤ አርባ ደቂቃ ያህል። ሲወጡ ከሰል መስለው ወጡ። እላያቸው ላይ የላላውን ጥቁር ዱቄት እጅግ በላመ የብረት ሱፍና በዘይት ቀስ ብዬ ጠረግሁ። የብርጭቆ ወረቀት አልነካሁም።

የብርጭቆ ወረቀት ስል የአክስቴ ልጅ ትዝ አለኝ። የሱም ቤልጅግ ነበረች፣ አንበሳዋ ከኔዋ ይልቅ የጎላ። «ቶሎ ትጸዳልህ» ብለውት አንድ ብረታ ብረት ቤት ወሰዳት። በግራይንደር ሽቦ ፈጭተው እንደ መስታወት አብረቅርቀው መለሱለት፤ አንበሳውም ቁጥሯም አብረው ተፈጭተዋል። በዚያ ብረት ላይ የነበረው ታሪክ በሩብ ሰዓት ተጠርጎ ሄደ፤ ቁጥሩ መጥፋቱ ደግሞ ከፈቃዱ ጋር ሌላ ጣጣ አመጣበት። እኔ ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል። ዝገቱ ሳይጠራ ቢቀርም ይቅር፣ ምልክቱን አትንኩ።

እንጨቷ ዋልነት ነው። ታጥቦ ሲደርቅ ነጣ፣ አንጀት የሚበላ ሆነ። ለዚህ መድኃኒቱ ከደጃችን ነው፤ ተልባ። እኔ የተጠቀምኩት ቀለም ቤት የሚሸጠውን የተፈላ የተልባ ዘይት ነው፤ ጥሬው ለመድረቅ ብዙ ቀን ይወስዳል። መጀመሪያ በስስት ሳይሆን በልግስና ቀባኋትና ሦስት ሳምንት እንደ ማር እጅ ላይ እየተጣበቀች አቧራ ስትሰበስብ ከረመች። በተርፐንታይን ጠርጌ አንስቼ፣ ሁለተኛውን ዙር በመዳፌ እያሸሁ፣ ትርፉን በጨርቅ እየጠረግሁ፣ በመሃሉ ሁለት ቀን እያሳረፍኩ ስድስት ጊዜ ቀባሁ። ማሸቱ መዳፍ ያግላል፤ ያኔ ዘይቱ ሲገባ ይታወቃል። በጥምቀት ሰሞን ቀለሟ እንደ ቆሎ ሆኖ ነበር። አንድ አደራ፤ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

በዚህ መሃል አንድ ወዳጄ ፈቃድ ያላት ምንሽር እንደቀረበችለት ነግሮኝ «እንያት» አለኝ። የጣሊያኗ የ1891 ሞዴል ናት፣ 6.5 ሚሊ ሜትር። እሷ ስድስት ጥይት ከነመያዣው ነው የምትጎርሰው፤ የመጨረሻው ጥይት ሲገባ ባዶው መያዣ በካዝናዋ ሥር ባለው ቀዳዳ ይወድቃል። በዚያው ቀዳዳ አቧራና ጭቃ ስለሚገባ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ቀጥሎ አፈሙዟን አየሁ። ብዙ ሰው ገመድ ወይም ዘንግ በአፈሙዝ በኩል እየከተተ ስለሚወለውል የጫፉ ክብ ወደ አንድ ጎን ይበላል፤ ጥይት ቱቦውን የሚለቀው እዚያ ላይ ስለሆነ ኢላማ የሚስተው በዚህ ነው። መዝጊያው ስለሚወጣ ሁልጊዜ ከኋላ ነው መወልወል። በመጨረሻ የመዝጊያውና የአካሏ ቁጥር አልገጠመም። መዝጊያ ከሌላ ጠመንጃ ከመጣ በጥይቱና በመዝጊያው ፊት መካከል ያለው ልክ ሊሰፋ ይችላል፤ ሰፍቶ ከተተኮሰ ቀለሃው ሊቀደድና ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ይህን በዓይን ማወቅ አይቻልም፣ መለኪያ ይፈልጋል። ወዳጄ ትቷት ተመለሰ፤ ደስ አለኝ።

በዚሁ ምክንያት ቤልጅጓን እኔም አልተኮስኳትም። ለጥምቀት የሰፈሩ አባቶች «አምጣትና አንድ ጊዜ ታሰማን» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እጅ ነስቼ «ልኳ በመለኪያ እስኪታይ ይለፈኝ» አልኳቸው።

አሁን ክረምቱ ሊገባ ነው። መዝጊያውን ለብቻ፣ እሷን ለብቻ ቆልፌ አስቀምጫለሁ። አፈሙዟን ወደ ታች አድርጌ ጨርቅ ላይ ነው ያቆምኳት፤ ዘይቱ ወደ ሰደፉ ወርዶ እንጨቱን እንዳያበሰብሰው። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሰበሰብኳቸውን የሲሊካ ከረጢቶች ለብ ባለ ምጣድ ላይ አድርቄ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከፍቼ አያታለሁ።

ያልተሸነፈችልኝ አንዲት ብሎን ናት። የምላጩን ከለላ ከያዙት ሁለት ብሎኖች ውስጥ የፊተኛዋን ያኔ እንጨቱን ስፈታ በመከራ አወጣኋት፣ ስመልሳት ግን ጥርሷ ሳስቶ ኖሮ ጥብቅ አትልም። ተመሳሳይ ልክ ፈልጌ አላገኘሁም፤ በሞረድ አስተካክዬ ሌላ ለመግጠም ደግሞ እጄ አልደፈረም። ከናንተ መካከል የቤልጅግ ብሎን ጥርስ ያስወጣ፣ ሥራውንም ያየ ሰው ካለ፣ ክረምቱ ሳይከፋ ቢነግረኝ ደብረ ብርሃን ድረስ ሳይሆን ያለበት ድረስ እኔ እሄዳለሁ።