ከአዳማ እስከ አሰላ በአሮጌዋ ኤምጂቢ

የግራውን በር ከፍቼ መልሼ ልዘጋው ስል አልዘጋ አለኝ። መኪናዋን ከፊት በኩል በክሪክ አንስቻት ነበር፤ ጎማዎቹ መሬት ላይ ሳሉ በበሩና በኋለኛው ላሜራ መካከል የነበረው የሁለት የገንዘብ ሳንቲሞች ውፍረት ያህል ክፍተት ከላይ በኩል ጠፍቶ፣ ሁለቱ ጠርዞች ተሳስመዋል። ክሪኩን ዝቅ ሳደርገው በሩ ያለ ምንም ችግር ተዘጋ። መኪናዋ ከወገቧ እየታጠፈች መሆኑን የተረዳሁት በዚያች ቅጽበት ነው።

መኪናዋ በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ ኤምጂቢ ናት። ይህ ሞዴል ከ1962 እስከ 1980 የተመረተ ሲሆን፣ የእኔዋ 1798 ሲሲ ሞተርና መንትያ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) አላት። አዲስ አበባ በአንድ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ቆማ ከኖረች በኋላ ገዝቼ በጭነት መኪና ወደ አዳማ ያመጣኋት ቀይ ቀለሟ አብረቅራቂ ስለነበረ ነው። ቀለሙን ማመን አልነበረብኝም።

ኤምጂቢ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የተሠራ ሻንሲ፣ ማለትም ቦዲው የሚያርፍበት የብረት መሠረት፣ የላትም። ጭነቱን የሚሸከመው ቦዲው ራሱ ነው፤ ጣሪያ ስለሌላት ደግሞ የፊቱንና የኋላውን ክፍል አያይዞ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው፣ በዋነኛነት ከበሮቹ ሥር በቁመት የሚሄደው ሣጥን መሰል ብረት ነው። ይህ ሣጥን ከውጭ፣ ከመሐልና ከውስጥ በሦስት ላሜራ የተሠራ ስለሆነ፣ የውጭው ሲያብረቀርቅ የመሐሉ በዝገት አልቆ ሊሆን ይችላል። ካቻቪቴዬን ከሥር ቀስ ብዬ ስገፋው እስከ እጀታው ገባ፤ ከቀዳዳው የፈሰሰው ዝገት የተፈጨ በርበሬ ይመስል ነበር። ከእኔ በፊት መኪናዋን የያዘ አንድ ጋራዥ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀብቶበታል። ይህ ሥራ ያሳዘነኝ ስለ ገንዘቤ ብቻ አይደለም፤ ተሳፋሪውን የሚጠብቀውን ብረት በሊጥ መተካት በሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ስለሆነ ነው።

ሥራውን የሰጠሁት ዕድሜያቸውን ሙሉ በባቲላሜራነት ለኖሩ አንድ አዛውንት ነው። የብረት መቁረጫ ማሽኑን ይዤ የዛገውን ለመቁረጥ ስቸኩል እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ጣሪያ የሌላትን መኪና ሳታስር አትቁረጣት። ከታጠፈች በኋላ ማን ያቃናልሃል?»

«እንዴት ነው የምትታሰረው ጋሼ?» አልኳቸው።

በየበሩ ክፍት ቦታ ላይ፣ ከፊተኛው ምሰሶ እስከ ኋለኛው ድረስ አንግል ብረት በየዱ። መኪናዋ በደረጃ መለኪያ ተረጋግጦ በተስተካከለ ወለል ላይ በአራቱም ጎማዎቿ ቆማ፣ መጀመሪያ የግራውን ጎን ብቻ፣ እሱ ሲያልቅ ደግሞ የቀኙን ሠራን። ብየዳውም አንድ ጣት ያህል እየተበየደ፣ ወደ ሌላ ቦታ እየተዘዋወሩ፣ ብረቱ እስኪበርድ እየተጠበቀ ነው የሄደው፤ በአንድ ትንፋሽ ቢበየድ ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል። ብረቶቹን በአገር ውስጥ አጥፈን ልንሠራቸው አስበን ነበር፤ ነገር ግን ለዚህ ሞዴል የሚሆኑ የቦዲ ክፍሎች እንግሊዝ አገር እስከ ዛሬ ስለሚመረቱ፣ ከዚያ የመጣ ዘመድ ይዞልኝ መጣ። ይህ ሥራ ብቻ አራት ወር ወሰደ። አንድም ቀን አልቆጨኝም።

የቀረው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር። ብሎኖቿ በኢንች የሚለኩ ናቸው፤ በብዛት የሚያስፈልጉት 7/16፣ 1/2 እና 9/16 ቁልፎች ናቸው። በሚሊ ሜትር የሚለካው 13 ቁጥር ቁልፍ ለ1/2 ኢንች ብሎን የሚሆን ይመስላል፤ ግን ትንሽ ስለሚሰፋ የብሎኑን ራስ ያሞልጨዋል፤ ስለዚህ ማንም መካኒክ በራሱ ቁልፍ እንዲነካት አልፈቅድም። ሌላው ጥንቃቄ ባትሪው ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩት ላይ ከቦዲው ጋር የሚያያዘው ፖዘቲቩ ሲሆን፣ ከወንበሮቹ ኋላ የተቀመጡት ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው 12 ቮልት ይሰጣሉ። አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በለመደው መንገድ አገላብጦ በማሰሩ የዲናሞው መቆጣጠሪያ ተቃጥሎብኛል። አሁን ከባትሪዎቹ ክዳን ላይ በትልልቅ ፊደላት ጽፌበታለሁ።

ካርቡሬተሮቹን ግን በፍቅር ነው የምሠራቸው። ኤስዩ የሚባሉት እነዚህ ካርቡሬተሮች በውስጣቸው ከፍና ዝቅ የሚል ፒስተን አላቸው፤ ከፒስተኑ ሥር የተተከለው ሾጣጣ መርፌ ቤንዚን በሚወጣበት ጄት ቀዳዳ ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ የቤንዚኑን መጠን ይወስናል። ቁልፉ ሲዞር የቤንዚን ፓምፑ ከኋላ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ካርቡሬተሮቹ ሲሞሉ ዝም ይላል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ ሳለ ድምፁ ካላቆመ፣ ወይ ቤንዚን እየፈሰሰ ወይ ቧንቧው አየር እየሳበ ነው።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፤ አሰላ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች። ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው በዚህ መንገድ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ፣ አዳማ ላይ ልክ የነበረው ቤንዚን አሰላ ላይ ይበዛል። ባለፈው ቅዳሜ ሸራውን አጥፌ ማለዳ ወጣሁ። አዋሽ መልካሳ ድረስ ሞተሩ እንደ ስፌት መኪና ነበር፤ ዴራን አልፌ ኢተያን ከተሻገርኩ በኋላ ዳገቱ ላይ መክበድ፣ ነዳጁን ስለቅም መንተባተብ ጀመረ። አሰላ መግቢያ ላይ ቆሜ ካንዴላዎቹን ስፈታቸው ጫፋቸው ጥላሸት ለብሷል። ሞተሩን አስነስቼ የካርቡሬተሩን ፒስተን ከሥር ባለችው ትንሽ ዘንግ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ገፋሁት፤ የሞተሩ ፍጥነት ጨምሮ እዚያው ቆየ፤ ይህ ቤንዚን የመብዛቱ ምልክት ነው። ቢሳሳ ኖሮ ሊጠፋ ይንገዳገድ ነበር። ቤንዚኑ እንዲቀንስ የሁለቱንም ካርቡሬተሮች ባለ ስድስት ጎን የጄት ማስተካከያ ብሎን አንድ ጎን ያህል ወደ ላይ አዞርኩ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ቱቦ ጆሮዬ ላይ ደግኜ የሁለቱም የአየር ፉጨት እኩል መሆኑን አዳመጥኩ።

ማታ አዳማ ስገባ መልሼ ወደ ቦታው አዞርኩት። በማግስቱ ካንዴላዎቹ የቡና ገለባ ቀለም ይዘው ነበር። መኪናዋን በክሪክ ከፊት አንስቼ የግራውን በር ከፈትኩ፤ ሁለቱን ሳንቲሞች ክፍተቱ ውስጥ ከላይም ከታችም አስገባኋቸው፤ ሁለቱም ቦታ ላይ እኩል ተንሸራተው ወጡ። የኋላው አሞርታይዘር ዘይት ማንጠባጠቡን ያየሁትም ያኔ ነው፤ እሱ ሳይታደስ በመቂና በዝዋይ አድርጌ ወደ ሀዋሳ ለመሄድ የያዝኩትን ዕቅድ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ አድርጌዋለሁ።