የማን ጥፍር ነው ትክክል?

ቶርኖ ቤት ስሠራ የጥራት ቁጥጥራችን የጋሼ አውራ ጣት ጥፍር ነበር። የተላገውን ዘንግ አንስተው ጥፍራቸውን ይጎትቱበታል። ከያዛቸው «ድገመው» ነው። ካልያዛቸው ለደንበኛው ይሰጣል። አንድ ቀን እኔ «ለስላሳ ነው» ያልኩትን እሳቸው «ይይዛል» ብለው ደንበኛው መሃላችን ቆሞ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን።

ይሄ ትዝ ያለኝ ሰሞኑን ስለ ጄልሳይት ሳነብ ነው። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኤምአይቲ ከሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምርምር የወጣ ኩባንያ ነው። የነገሩ ጠንሳሽ ቴድ አደልሰን የዕይታ ተመራማሪ ናቸው። ያ ጥላ ያረፈበት የቼዝ ሰሌዳ፣ አንድ ዓይነት ግራጫ የሆኑ ሁለት ካሬዎች አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር መስለው የሚያታልሉበት ሥዕል፣ የሳቸው ነው። ልጆች ሲወልዱ ግን ልጆቹ በዓይናቸው ከሚያዩበት ይልቅ በጣታቸው የሚዳስሱበት መንገድ የአደልሰንን ቀልብ ሳበው። እናም ለሮቦት የሚዳስስ ጣት መሥራት ጀመሩ።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው፣ ያናድዳል እንዲያውም። ግልጽ የሆነ ለስላሳ ጎማ አለ፤ አንድ ፊቱ ብረት ብናኝ ያለበት ቀለም ተቀብቷል። ዕቃው ላይ ጫን ሲደረግ ቀለሙ የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል፤ ከጀርባው ባለ ልዩ ልዩ ቀለም መብራቶች ከየአቅጣጫው ያበሩበታል፣ ካሜራ ያነሳዋል፣ ኮምፒውተሩም ከብርሃኑና ከጥላው ተነስቶ ጥልቀቱን ያሰላል። የተወለወለ ብረት ፎቶ ለማንሳት የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቃል፤ ያብለጨልጭና ጭረቱ ይጠፋል። እዚህ ግን ካሜራው ብረቱን ጭራሽ አያየውም። የሚያየው ጎማውን ነው። ብረት ሆነ መስታወት፣ ለሱ አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 አደልሰንና ባልደረባቸው ኪሞ ጆንሰን ጽሑፋቸውን አወጡ። በ2011 መሣሪያው ወርዱ 2 ማይክሮሜትር (አንዱ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ ጥልቀቱ ከ1 ማይክሮሜትር በታች የሆነ ነገር ይለይ ነበር። ለሮቦት ጣት ይሄ ቅንጦት ነው፤ ሲኒ ለማንሳት ማን ማይክሮሜትር ይቆጥራል? ፋብሪካ ግን ይቆጥራል። ኩባንያው በዚያው ዓመት ተቋቋመና ፊቱን ወደ ጭረት አዞረ። አውሮፕላን ላይ ጭረት ሲገኝ ዋናው ጥያቄ ጥልቀቱ ነው፤ ይታለፍ ወይስ ይጠገን የሚባለው በሱ ነው። ባለሙያው መሣሪያውን በእጁ ይዞ ጫን ያደርጋል፣ ቁጥሩን ያነባል። ጭቅጭቅ የለም።

እኔ በበኩሌ ከቴክኖሎጂው በላይ ያደነቅኩት ይሄን መታጠፍ ነው። ስንቱ ተመራማሪ የመጀመሪያ ሐሳቡን የሙጥኝ ብሎ ቀርቷል! ደግሞ ሮቦቱም አልተረሳም፤ በ2014 ይሄው ዳሳሽ የተገጠመለት ሮቦት የተንጠለጠለ የዩኤስቢ ገመድ ይዞ ቀዳዳው ውስጥ ሰክቷል።

ለጋሼ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ጎማው አያልቅም?» አሉ።

«ያልቃል፣ በአዲስ ይቀየራል።»

«የኔ ጥፍር በነፃ ይበቅላል» ብለው ዘጉት።