ቀይ የሆነው ጨርቅ

ነገሩ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁንም ቀይ ቮልስ ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቮልሷ በፈረንጆች 1967 የተሠራች ናት፤ ከፋብሪካ ይዛው ከመጣችው ቀለም ሌላ አልነካትም። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለች ማግኘት ከባድ ነው፤ በእኔ እጅ ያለፉት ሁሉ ሁለት ሦስቴ የተቀቡ ናቸው። ሥራዬ ቀለም መቀባት ነው፤ እሷን ግን መቀባት አልፈለግኩም። ጣሪያዋና የፊት ኮፈኗ ነጥቶ ሮዝ መስሏል፣ እጅ ሲነካው እንደ ጠመኔ ይለቃል። ኮፈኑን ከፍቼ ውስጡን ሳየው ግን ፀሐይ ያላገኘው ቀይ እንዳለ ቁጭ ብሏል። "ጋሼ፣ ይቺ ቅብ አያስፈልጋትም። እዚሁ ግቢዎ ውስጥ በእጄ አሽቼ አወጣታለሁ" አልኳቸው። ተስማሙ።

የዚያን ዘመን ቀለም ላዩ ላይ ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው መከላከያ ሽፋን፣ የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ያው ራሱ ቀለሙ ነው። የእኛ ከተማ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። የሚሞተው የላዩ ስስ ሽፋን ነው፤ ከስሩ ያለው ደህና ነው። ሥራው የሞተውን ብቻ ማንሳት ነው። የቀለሙ ውፍረት በጠቅላላ አንድ ወረቀት ቢያህል ነውና የማሻ ማሽን ይዤ አልሄድኩም። ማሽን ኮፈኑ መሃል ያለውን ሸንተረር ሳታስበው ብረቱ ድረስ ያወርደዋል። በሳሙና አጠብኳት፣ ደርቆ የከረመ ቀለም እንዳይጫጫር ስስ ዘይት ቀብቼ አሳደርኳት፣ በነጋታው ከኮፈኑ ግራ ጎን ኮምፓውንድ በሚባለው የማሻ ቅባት ማሸት ጀመርኩ።

ረፋዱ ላይ ኮፈኑ ለሁለት ተከፈለ። በቀኝ ሮዝ፣ በግራ ቀይ፤ የግቢው ዛፍ ቅርንጫፉ ሳይቀር የሚታይበት ቀይ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ሞላ። ጋሼ ቡና ይዘውልኝ ሲመጡ ኮፈኑን እንዲያዩ ፈቀቅ አልኩላቸው። እሳቸው ያዩት እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ ነው። ነጭ የነበረው ጨርቅ ቀልቶ ደም የነካው ይመስላል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቀለሙ ነው ጋሼ።"

እስከ ዛሬ የምትቆጨኝ መልስ ይቺ ናት። "የሞተው ቀለም" ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ጎደለችኝ።

"ቀለሜን ነው የምታነሳው?"

"የላዩን ብቻ ነው፣ ይኸው ይዩት ኮፈኑን…"

"አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመት እንደ ዓይኔ ብሌን የጠበቅኩትን ቀለም በአንድ ጠዋት በጨርቅ ጠርገህ ልትወስድብኝ ነው?"

እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቡናው ስኒ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ። የተናደዱብኝ አልመሰለኝም፣ ደንግጠው ነው። ስለ ክሊር፣ ስለ ፀሐይ፣ ያለኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። የደነገጠ ሰው ይሄን አይሰማም።

የሚያውቁት የጋራዥ ባለቤት ጋ ደወሉ። እሱም መጣ። በጣቱ ኮፈኑን ነካ፣ ጨርቁን አየ፣ እኔንም አየኝ። ከዚያ "ቀለሙ አልቋል። ተፍቆ ሙሉ ቅብ ነው የሚያስፈልጋት" አለ። በእሳቸው አልተቀየምኩም። በእሱ ግን አሁንም ቅር ይለኛል፤ ክሊር የሌለው ቀለም ጨርቅ እንደሚያቀልም የማያውቅ ቀለም ቀቢ የለም። አይቶ፣ አውቆ ነው የተናገረው። ጋሼ የቀኑን ሂሳብ ከፈሉኝና ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የድሮ መኪና ሲመጣልኝ ዋጋ ከመነጋገሬ በፊት በሩ ጠርዝ ላይ በነጭ ጨርቅ አሽቼ ለባለቤቱ አሳያለሁ። "ይሄ የሞተው ነው" እላለሁ፣ ቃሏን አልረሳትም። እስካሁን ለሦስት ሰው አሳይቻለሁ። ሁለቱ ጨርቁን አይተው መኪናቸውን ይዘው ሄዱ። ቢሆንም ማሳየቴን አልተውኩም።

ባለፈው መገናኛ አካባቢ ቮልሷን መብራት ላይ አገኘኋት። ታበራለች። በፓራፋንጎውና በቦዲው መሃል ያለው ቀጭን ጥቁር የጎማ መስመር ግን አብሮ ቀይ ተቀብቷል፤ ፓራፋንጎው በብሎን የታሰረ ነው፣ ፈትቶ መቀባት ነበረበት። ጎማው ላይ ያለው ቅብ ከአሁኑ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ጋሼ አይተውኝ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

"አየሃት? አዲስ ሆነች እኮ!"

"አየኋት ጋሼ፣ ደህና ይዋሉ" አልኳቸው። መብራቱ ለቀቀ፣ ሄዱ።