ለከተራ ዋዜማ፦ ስለ ቀሃ ውሃና ስለ እንቆቅልሽ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ነገ ከተራ ነው። ጎንደር እንግዳ በዝቶባታል፤ ፒያሳ መኪና ማቆሚያ፣ ሆቴሉ ደግሞ አልጋ የለውም። እዚህ ላላችሁት የምጨምረው የለኝም። ይህ መልእክት ይልቁንም ባሕር ማዶ ሆናችሁ በዓሉን በስልክ ለምትከታተሉት፣ ልጆቻችሁም «ይኼ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?» እያሉ ለሚያፋጥጧችሁ ነው።

እንደምታውቁት ቀን ቀን የምሠራው የደመወዝና የንብረት ሶፍትዌር ነው፤ ፀጉሬን ያሸበተውም እሱ ነው። ማታ ማታ ግን ጌም እሠራለሁ። ያውም ተኩስና ሩጫ የሌለበትን፣ ተጫዋቹ ሰው እያነጋገረ፣ ዕቃ እያነሳ፣ እንቆቅልሽ እየፈታ የሚጓዝበትን የድሮውን ዓይነት አድቬንቸር ጌም። «በዚህ ዕድሜህ?» ለምትሉኝ፣ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መባቻ እህቴ ዘንድ ለንደን ሄጄ አድቬንቸር ኤክስ የተባለውን የዚህ ጌም ሠሪዎች ጉባኤ ስካፈል ከእኔ የባሱ ሽበታሞች አይቻለሁ።

ጉባኤው የተካሄደው ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ነበር። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት ብራናዎች ያሉበት ቤት። ከነሱ ውስጥ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያወጧቸው አሉ። ለጨዋታ በሄድኩበት ይህ ትዝ ሲለኝ ሻዩ አልወርድ አለኝ። እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው፤ በበዓል ሆድ አላስብሳችሁ።

አዳራሹ ውስጥ በየጠረጴዛው ላፕቶፕ ተደርድሯል። ተጫዋቹ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ ይጫወታል፣ ሠሪው ከኋላው ቆሞ ያያል። ከባዷ ሥራ ይህች ናት፤ መናገር አይፈቀድማ! እኔም በዕረፍት ሰዓት በጅምር ያለውን የራሴን ለአንድ ጎረምሳ ከፈትኩለት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የፋሲለደስ መዋኛ ደርቋል፣ ከተራ ደርሷል፣ ተጫዋቹ ውሃ ማስገባት አለበት። ልጁ እንስራ አነሳና ከቀሃ ወንዝ ቀድቶ ገንዳው ውስጥ ደፋ። ጌሙ ውስጥ ያለችው ባልቴት «ልጄ፣ በእንስራማ ከሆነ የከርሞው ጥምቀት ይደርስብሃል» አለችው። ሳቀና ደግሞ ቀዳ። «ፋሲል ይህን ያህል ግንብ ሠርቶ ውሃውን በትከሻ ያስመላው ይመስልሃል?» አለችው። እጁ ማውሱ ላይ ቆመ። ቀጥሎ ግንቡን ትቶ የወንዙን ዳር ለዳር መፈተሽ ያዘ፤ ውሃውን ከወንዙ ወደ መዋኛው የሚወስደውን ቦይም አገኘው። እኔ ከኋላው ከንፈሬን ነክሼ ነበር።

የተሳሳተ ሙከራ ሁሉ የራሱ መልስ ሊኖረው ይገባል ባይ ነኝ። «አይሆንም» ብቻ የሚል ጌም ተጫዋቹን አባራሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ብዙዎቹ ጌሞች አንዲት ዕቃ ሳታነሳ ካለፍክ ከሰዓታት በኋላ መውጫ ያሳጡህ ነበር። ሮን ጊልበርት የተባለው ጌም ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን አጥብቆ ነቀፈና በዓመቱ «መንኪ አይላንድ» የተባለውን የራሱን አድቬንቸር ጌም ይዞ ብቅ አለ። ጨዋታ አዋቂ ማለት እንዲህ ነው፤ እንድትፈታለት የሚፈልግ።

አያቴም እንደዚያው ነበረች። «እንቆቅልሽ!» ትላለች፣ «ምን አውቅልሽ!» እንላለን። ሲያቅተን ወዲያው «አገር ስጡኝ» አትልም፤ ጥያቄውን በሌላ በኩል ታዞረዋለች፣ ትንሽ ታሾፍብናለች፣ ደግሞ ትጠብቃለች። የጎንደር ልጅ መቼም ጎንደርን አይሰጥም፤ ሲጨንቀን ጎጃምን ነበር አሳልፈን የምንሰጠው። (ጎጃሜ ወዳጆቼ ይቅርታ፣ እናንተም ምን ስትሰጡ እንደኖራችሁ እናውቃለን።)

የአድቬንቸር ጌም አባት ዊል ክራውዘር ይባላል፤ ኬንታኪ ውስጥ ያለውን የማሞዝ ዋሻ ውስጥ ለውስጥ እየሄደ ካርታውን ያነሳ የነበረ ፕሮግራመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ትዳሩ ሲፈርስ፣ ለሴቶች ልጆቹ መጫወቻ እንዲሆን ያንኑ ዋሻ በጽሑፍ ብቻ ኮምፒውተር ላይ ሠራው። ዶን ዉድስ የተባለ ሌላ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1977 አስፋፋውና ዓለምን አዳረሰ። ይህን ታሪክ ሳስብ ሁልጊዜ የሚታዩኝ ቀሃን ረግጠው የማያውቁት የወንድሜ ልጆች ናቸው። አባት የሚያውቀውን ቦታ ለልጁ በእጁ መስጠት ካልቻለ፣ ቢያንስ እየተደናቀፈ የሚገባበትን በር ይክፈትለት።

የመጀመሪያው ክፍል በአማርኛ አልቋል። ጎንደር ያላችሁ ከቃና ዘገሊላ ማግስት ቤት ብቅ በሉ፣ ቡና አለ። ውጭ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃዋል። ማውሱን ልጆቹ ይያዙ፣ እናንተ ከኋላ ቁሙ። መልሱን ሹክ ያለ ወላጅ ግን አገር ይሰጠኛል፤ ጎጃም ተሰጥቶ ስላለቀ ሌላ ፈልጉ።

መልካም ጥምቀት!