ጣና ዳር ነጭ አሳ ፍለጋ

ባህርዳር ሄጄ ነበር ስል ሰው ሁሉ ገዳማቱን አየሽ ወይ ነው የሚለኝ፣ እኔ ግን ዘንድሮ የሄድኩት አሳ ላይ ነው፣ የሳቀ ይሳቅ። በጠዋት አሳ የሚራገፍበት ዳር ወረድኩ፣ ሞተር ጀልባውም የደንገል ታንኳውም እየገባ ነው። ቆሮሶና አምባዛው ለየብቻው ተቀምጧል፣ ነጭ አሳው ግን ብዙ ዝርያ ሆኖ ሳለ ሁሉም አንድ ክምር። "ጋሼ ትንሽ ላገላብጠው?" አልኳቸው ባለ አሳውን። "አገላብጪ ልጄ፣ እጅሽ ይሸታል እንጂ ምን ገዶኝ።"

አንዱ ከንፈሩ ብቻ የተነፋ፣ ከታች ትላትል ለቅሞ የሚበላ ነው። ጎኑ የነበረው ደግሞ ሰፊ አፍ ያለው አዳኝ፣ ጣቴን ከተትኩበት፣ መንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለም! ካርፕ የሚባለው አሳ ቤተሰብ ስለሆኑ ጥርሳቸው ጉሮሮ ውስጥ ነው ያለው፣ እንደዚህ አይነት አሳ ሌላ አሳ አሳዶ ሲበላ ብዙም አይታይም፣ ጣና ላይ ግን ከ15ቱ የነጭ አሳ ዝርያ 8ቱ አሳ በል ናቸው፣ በዲኤንኤ ሲታዩ ደግሞ ሁሉም የቅርብ ዘመዳሞች፣ ከአንድ የወንዝ አሳ የወረዱ።

እኛ ጋ ኢቮሉሽን (ዝርያ በዘመን ብዛት እየተለወጠ ሌላ ዝርያ መሆኑ) ሲባል ወሬው ቶሎ ዝንጀሮ ላይ ይሄድና በጭቅጭቅ ያልቃል፣ ማስረጃው እኮ ገበያ ላይ በኪሎ እየተሸጠ ነው።

ለምን እዚህ ሆነ የሚለው ጢስ አባይ ስሄድ ገባኝ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱን ተዉት። ውሃው ብዙው ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ፏፏቴው ሳስቷል፣ ገደሉ ግን ያው ወደ 40 ሜትር ነው፣ ከታች የመጣ አሳ ይሄን አይወጣም። ሱዳን በኩል ያለው ትልቁ አዳኝ ናይል ፐርች ጣና ላይ የሌለው ለዚህ ነው፣ የአዳኝ ቦታው ክፍት ስለነበር ጥርስ አልባው ነጭ አሳ ያዘው። ከሐይቁ ስር የወጣው ደለል እንደሚያሳየው ደግሞ ጣና ከ16 ሺህ አመት በፊት ገደማ ደርቆ ነበር፣ ወንዞቹ ውስጥ የተረፈ ካልነበረ ይሄ ሁሉ አፍና ከንፈር የመጣው ከዛ ወዲህ ነው ማለት ነው፣ ለኢቮሉሽን ይሄ ትናንት ነው።

የሚያናድደው፣ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ያሉ ወንዞች ውስጥ ሲገቡ ልክ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። አታስግሩ አይደለም የምለው፣ ሰውም ይብላ፣ ግን እነዛን ሁለት ሶስት ወር ብንተዋቸው ምን ነበረበት?